ቃልን ከነምክንያቱ ስለ መጻፍ

ሰው በዓይኑ ያየውንና በእርግጥ ያወቀውን ለይቶ መናገር ይቸግረዋል። ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን በወረቀት ሥለው ለአንድ ተማሪ ቢያሳዩት፥ በመሠረቱ ላይ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች እኩል መሆናቸውን ሳይዘገይ ይናገራል። በምን ዐወቅህ ብለው ቢጠይቁት ግን «ይታያል እኮ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ዳሩ ግን ማስረጃ አይደለም። በመታየትና በመረጋገጥ መካከል ያለውን ይህን ርቀት ተማሪው በእግሩ እንዲሄደው ለማድረግ፥ በአሜሪካ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመቶ ዓመት በላይ የሠሩበት አንድ የአጻጻፍ ሥርዓት አለ፤ እርሱም በሁለት ዓምድ የሚጻፈው የጂኦሜትሪ ማስረጃ ነው። ይህ ሥርዓት ወዳጅም ነቃፊም ብዙ አለው። ነቃፊዎቹ የሚሉት ብዙው እውነት ነው፤ ሆኖም ሥርዓቱ ፈጽሞ ሊጣል አይገባውም።

አጻጻፉ ሲታይ ቀላል ነው። ገጹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ለሁለት ይከፈላል። በግራው ዓምድ ተማሪው የሚናገረው ቃል በተራ ቍጥር ይጻፋል፤ በቀኙም በዚያው ቍጥር አንጻር ቃሉ እውነት የሆነበት ምክንያት ይጻፋል። ምክንያት ለመሆን የሚበቁትም ጥቂቶች ናቸው፤ ይኸውም በጥያቄው የተሰጠ ነገር፥ የስም ትርጓሜ፥ ያለ ማስረጃ እንዲታመን አስቀድሞ የተወሰነ መሠረተ ሐሳብ፥ ወይም ከዚያ በፊት ተረጋግጦ ያለፈ ሕግ ነው። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ሁሉ በቀኙ ዓምድ ሥፍራ የለውም። «በሥዕሉ ይታያል» ማለት አይፈቀድም፤ «መምህሩ ነግረውናል» ማለትም አይፈቀድም። ይህ የኋለኛው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ገና ጢሙ ያላቀነቀነ ልጅ የመምህሩን ስም ጠርቶ መከራከር የማይችልበት፥ መምህሩም ቢሆን ሥልጣኑን በምክንያት ቦታ ማስቀመጥ የማይችልበት ትምህርት ብዙ አይደለምና።

የጂኦሜትሪ ማስረጃ ከጥንት ጀምሮ በዚህ መልክ ሲጻፍ የኖረ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ የነበረው ኤውክሊድስ «መሠረታውያን» የተባለውን ባለ 13 ክፍል መጽሐፉን ሲያዘጋጅ፥ በመጀመሪያው ክፍል 23 ትርጓሜዎች፥ 5 የሚታመኑ ጥያቄዎችና 5 የወል ሐሳቦች አስቀድሞ፥ ከእነዚህ 48 አንቀጾችን አንዱን በአንዱ ላይ እየገነባ አወጣ። ነገሩን ሁሉ ግን በተከታታይ ንባብ ጻፈው እንጂ ለምክንያቱ የተለየ ዓምድ አልከፈለለትም። ዛሬ በየመስመሩ ዳር የሚታየውን፥ ይህ በክፍል 1 በ4ኛው አንቀጽ ተረጋግጧል የሚለውን ማመልከቻ በብዛት የጨመሩት ኋላ የተነሡ አሳታሚዎችና ተርጓሚዎች ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ጂኦሜትሪ የሚማር ልጅ የመጽሐፉን ማስረጃ በቃሉ አጥንቶ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ይደግም ነበር። የቅኔ ቤትን ልማድ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ጕድለት ወዲያው ያስተውለዋል፤ የሌላውን ቅኔ መቶውን በቃሉ የያዘ ሁሉ ባለ ቅኔ አይባልምና፥ ራሱ ቈጥሮ ለመምህሩ ነግሮ ሲታረም ነው እንጂ። ይኸው ሐሳብ በዚያ አገርም ተነሣ። በ1892 ብሔራዊው የትምህርት ማኅበር 10 አባሎች ያሉበትን ጉባኤ ሰየመ፤ ሰብሳቢውም የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ነበር፤ ዘመኖቹም በዚህ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ጉባኤው ወደ ኮሌጅ ለሚሄደውም ለማይሄደውም ተማሪ ትምህርቱ አንድ ዓይነት እንዲሆን መከረ፤ በጂኦሜትሪም ተማሪው የተጻፈውን ከመድገም አልፎ ማስረጃውን ራሱ እንዲፈልግ ተመከረ። ምክሩ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የተማሪው ቍጥር በየዓመቱ እየበዛ በሄደበት ጊዜ፥ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ መንገድ የጻፈውን ማስረጃ አንድ መምህር አንብቦ ማረም እንዴት ይችላል የሚል ችግር አስከተለ። ሁለቱ ዓምዶች የተወለዱት ከዚህ ችግር ነው ማለት ይቻላል። በ1913 አርተር ሹልትዝና ፍራንክ ሴቨኖክ ያሳተሙት መማሪያ፥ ቃሉን በግራ ምክንያቱን በቀኝ ለይተው ካወጡት መጻሕፍት ከመጀመሪያዎቹ መካከል ይቈጠራል። እንግዲህ ሥርዓቱ የመጣው ከሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን ከመምህርና ከተማሪ ገበታ ነው፤ የሒሳብ ሊቃውንትም ለራሳቸው ሥራ እንዲህ አድርገው አይጽፉም።

ነገሩ ያለ ምሳሌ አይገባምና፥ በመጀመሪያ የተጠቀሰው ሦስት ማዕዘን ይወሰድ። ሦስቱ ጫፎች ሀ፥ ለ፥ ሐ ይባሉ፤ ጎን ሀ-ለ ከጎን ሀ-ሐ ጋር እኩል ነው ተብሎ ተሰጥቷል፤ የሚረጋገጠውም የለ ማዕዘን ከሐ ማዕዘን ጋር እኩል መሆኑ ነው። በትምህርት ቤት የተለመደው ማስረጃ ስድስት መስመር አለው። አንደኛ፥ ሀ-ለና ሀ-ሐ እኩል ናቸው፤ ምክንያቱም ተሰጥቷል። ሁለተኛ፥ የሀን ማዕዘን ለሁለት እኩል የሚከፍልና መሠረቱን በመ ላይ የሚነካ መስመር ይሠመራል፤ ምክንያቱም ማዕዘን ሁሉ አንድ እኩል ከፋይ መስመር አለው። ሦስተኛ፥ በሀ ላይ የተገኙት ሁለት ትንንሽ ማዕዘኖች እኩል ናቸው፤ ምክንያቱ የእኩል ከፋይ ትርጓሜ ነው። አራተኛ፥ ሀ-መ ከሀ-መ ጋር እኩል ነው፤ ማንኛውም ነገር ከራሱ ጋር እኩል ነውና። አምስተኛ፥ በግራና በቀኝ የተገኙት ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ልክ ለልክ ይገጥማሉ፤ ሁለት ጎንና በመካከላቸው ያለው ማዕዘን እኩል ከሆኑ ሦስት ማዕዘኖቹ አንድ ናቸው የሚለው ሕግ አስቀድሞ ታውቋልና። ስድስተኛ፥ የለ ማዕዘንና የሐ ማዕዘን እኩል ናቸው፤ ልክ ለልክ በሚገጥሙ ቅርጾች አንጻር ለአንጻር ያሉት ክፍሎች እኩል ናቸውና።

ጀማሪ ተማሪ የሚሰናከለው በሁለተኛው መስመር ላይ ነው። መስመሩ የሀን ማዕዘን እኩል ይከፍላል ካለ በኋላ፥ ደግሞም መሠረቱን በመካከል ይቈርጠዋል፥ ደግሞም ቀጥ ብሎ ይቆምበታል ብሎ ይጨምርበታል። ሥዕሉን ሲመለከተው ሦስቱም ነገር አንድ ላይ ይታየዋልና። ነገር ግን መስመር ሲሠመር አንድ ሥራ ብቻ ሊታዘዝ ይችላል፤ የቀሩትን ሁለቱን መፈጸሙ በኋላ መረጋገጥ ያለበት ነው። ቀኙ ዓምድ ባይኖር ይህ ስሕተት በጥሩ ንባብ ውስጥ ተሸፍኖ ያልፍ ነበር። ዓምዱ ካለ ግን ተማሪው ሦስቱን ቃል በአንድ ምክንያት ማቆም ስለማይችል እጁ ይቆማል፤ የእጁም መቆም ዋናው ትምህርት ነው።

ሌላም የሚብስ ነገር አለ። ይህ የስድስት መስመር ማስረጃ በኤውክሊድስ መጽሐፍ ተራ ቢፈረድበት ይወድቃል። የሁለቱ ማዕዘኖች እኩልነት በመጽሐፉ 5ኛው አንቀጽ ነው፤ ማዕዘንን ለሁለት እኩል መክፈል የሚቻል መሆኑ ግን የሚረጋገጠው በ9ኛው ነው። 9ኛው በ8ኛው፥ 8ኛው በ7ኛው፥ 7ኛውም በ5ኛው ላይ ቆሟል። ስለዚህ 5ኛውን በ9ኛው ለማስረዳት መሞከር፥ ተከሳሽ ራሱን ምስክር አድርጎ እንደ መቍጠር ያለ ነው። የዛሬዎቹ መማሪያ መጻሕፍት ከዚህ የሚያመልጡት የእኩል ከፋዩን መኖር ያለ ማስረጃ እንዲታመን አስቀድመው በመወሰን ነው፤ ይህም የተፈቀደ ነው። ተማሪው ሊያውቀው የሚገባው ግን አንድ ምክንያት በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አለመሆኑን፥ ጥሩነቱም የሚታወቀው ከእርሱ በፊት ባለፈው ነገር መሆኑን ነው። ኤውክሊድስ ራሱ ሁለቱን ጎኖች ወደ ታች አስረዝሞ፥ ተጨማሪ ሦስት ማዕዘኖች ሠርቶ በረጅም መንገድ ደረሰበት። ይህ አንቀጽ በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች «የአህዮች ድልድይ» የሚል ስም የወጣለት ሲሆን፥ ደካማ ተማሪ ከዚህ ወዲያ አይሻገርም ለማለት እንደ ሆነ ይነገራል።

ይህንኑ ነገር በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ጳጱስ ምንም መስመር ሳይጨምር በጥቂት ቃል ፈጸመው። ሦስት ማዕዘኑን ከሌላ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር፥ ግን ተገልብጦ እንደሚታይ አድርጎ አስተያየው። ሀ-ለ ከሀ-ሐ ጋር እኩል ነው፤ ሀ-ሐም ከሀ-ለ ጋር እኩል ነው፤ የሀ ማዕዘን ከራሱ ጋር እኩል ነው። እንግዲህ ሦስት ማዕዘን ሀ-ለ-ሐ ከሦስት ማዕዘን ሀ-ሐ-ለ ጋር ይገጥማል፤ በለ ያለውም በሐ ካለው ጋር እኩል ይሆናል። ይህ በሁለት ዓምድ ቢጻፍ ከአምስት መስመር አያልፍም። እንዲህ ያለውን ሐሳብ ግን ዓምድ አይወልደውም። የጳጱስ ብልሃት ከመጻፉ በፊት በራሱ አእምሮ ውስጥ የሆነ ነገር ነው፤ ዓምዶቹ ኋላ መዝግበው ሊያቆሙት ይችላሉ እንጂ አስቀድመው ሊያሳዩት አይችሉም።

ነቃፊዎቹ ኃይለኛ የሚሆኑትም በዚህ በኩል ነው። በ1985 ሻሮን ሴንክ የተባለች የትምህርት ተመራማሪ በአሜሪካ ባወጣችው ጥናት፥ ማስረጃ የሚያስተምር የጂኦሜትሪ ትምህርት ዓመቱን ሙሉ ከተማሩት ተማሪዎች መካከል ማስረጃ በመጻፍ ከመቶ 75 ያህል ብቃት ላይ የደረሱት ከመቶ 30 ገደማ ብቻ መሆናቸው ታየ። በ1989 የአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት ባወጣው መመሪያ፥ የሁለት ዓምድ ማስረጃ ትኵረት እንዲቀነስላቸው ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ ሆነ። በ2000 የወጣው ሁለተኛው መመሪያ ደግሞ ማስረዳትና ማረጋገጥ ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ በሁሉም ዕድሜ እንዲለመድ አዘዘ፤ ማለትም አንዱን መልክ ዝቅ ሲያደርጉ ነገሩን ራሱን ከፍ አደረጉት። በብዙ መማሪያ ቤት ግን የሆነው ሌላ ነው፤ ዓምዶቹ ሲቀሩ ምክንያት መጠየቅም አብሮ ቀረ። ልጁ ልኩን ለካ፥ ቍጥሩን አገኘ፥ መልሱን ጻፈ፤ በዚያው አለቀ። በስሙ ጂኦሜትሪ ተማረ ይባላል እንጂ ማስረዳትን አልተማረም።

የዓምዱ ወዳጆችም በበኩላቸው የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መልኩ ንጹሕ የሆነ ማስረጃ ሐሰትን ሊያረጋግጥ መቻሉ ነው። ለዚህ በሒሳብ ሰዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ወጥመድ አለ፤ ሦስት ማዕዘን ሁሉ ሁለት እኩል ጎን አለው ብሎ የሚያስረዳ ነው። የሀ ማዕዘን እኩል ከፋይ ይሠመራል፤ ደግሞም በመሠረቱ ለ-ሐ መካከል ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም መስመር ይሠመራል፤ ሁለቱ በሠ ላይ ይገናኛሉ። ከሠ ወደ ሁለቱ ጎኖች ቀጥ ያሉ መስመሮች ይወርዳሉ፤ አንዱ ጎን ሀ-ለን በረ፥ ሁለተኛው ጎን ሀ-ሐን በቀ ይነካሉ። ከዚህ ሀ-ረ ከሀ-ቀ ጋር፥ ሠ-ረም ከሠ-ቀ ጋር እኩል መሆናቸው በሕጉ ይወጣል፤ ሠ-ለም ከሠ-ሐ ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ረ-ለ ከቀ-ሐ ጋር እኩል ይሆናል። ቢደመሩ ሀ-ለ ከሀ-ሐ ጋር እኩል ሆነ! በየመስመሩ ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም ሁሉ እውነተኛ ሕግ ነው፤ መደምደሚያው ግን ሐሰት ነው።

ስሕተቱ ያለው ማንም ባልጻፈው ቃል ውስጥ ነው። ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልሆኑ፥ ሠ ከሦስት ማዕዘኑ ውጭ ይውላል፤ ከረና ከቀም አንዱ በጎኑ ላይ ሲሆን ሁለተኛው ጎኑ ተራዝሞ ከጫፉ ባሻገር ይገኛል። ስለዚህ በአንዱ ጎን የሚደመረው በሌላው ጎን የሚቀነስ ነው። ሥዕሉ ግን በእጅ ተድበስብሶ ሲሣል ሠን በውስጥ ያሳያልና፥ ተማሪው «በመካከል ያለ» የሚለውን ቃል በግራው ዓምድ ሳይጽፍ፥ ምክንያቱንም በቀኙ ሳይጠየቅ ከዓይኑ ተበደረው። ኤውክሊድስም ራሱ እንዲህ ያለ ብድር አልፎ አልፎ ነበረበት። በመጀመሪያው አንቀጹ የሚሣሉት ሁለት ክበቦች መገናኘታቸውን በሥዕሉ አምኖ አለፈ እንጂ ምክንያት አልሰጠበትም። «በመካከል» የሚለው ቃል የራሱ ሕግ እንደሚያስፈልገው ሞሪትስ ፓሽ በ1882፥ ዳቪድ ሂልበርትም በ1899 ጽፈው እስኪያሳዩ ድረስ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አለፈ። እንዲህ ከሆነ የ15 ዓመት ልጅ ቢሳሳት ሊገሠጽ አይገባውም፤ ይልቅስ ወጥመዱ አስቀድሞ ቢሰጠውና የተሰወረውን ቃል ራሱ ፈልጎ ቢያገኝ፥ መቶ ንጹሕ ማስረጃ ከመገልበጥ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ስለ አሠራሩም ጥቂት መባል አለበት። ተማሪዎች ማስረጃ የሚከብዳቸው በብዙ ስፍራ በመጀመሪያው መስመር ስለሚጀምሩ ነው። መማሪያው ያለቀለትን ስድስት መስመር ያሳያቸዋል፤ እነርሱም ጸሐፊው ከላይ ወደ ታች እያሰበ የጻፈው ይመስላቸዋል። እውነተኛው ፍለጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ ነው። ሁለት ማዕዘኖች እኩል መሆናቸውን ማረጋገጥ ከተፈለገ፥ የማዕዘን እኩልነት መደምደሚያው የሆነ ሕግ የትኛው ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ልክ ለልክ የሚገጥሙ ሦስት ማዕዘኖች ከተባለ፥ እንዲህ ያሉ ሦስት ማዕዘኖች በሥዕሉ አሉን? ይባላል፤ ከሌሉ የትኛው መስመር ቢሠመር ይገኛሉ? ይባላል። ይህ ሁሉ በረቂቅ ወረቀት ላይ ተበጣጥሶ፥ ተሰርዞና ተደልዞ የሚጻፍ ነው፤ ዓምዱ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። ረቂቁን ሳያሳይ ንጹሑን ብቻ የሚያሳይ መምህር ተማሪውን ወደ ሽምደዳ ይመልሰዋል።

ደግሞም ሕግንና የሕግን ግልባጭ መለየት አለ። ጎኖቹ እኩል ከሆኑ ማዕዘኖቹ እኩል ናቸው ማለት 5ኛው አንቀጽ ነው፤ ማዕዘኖቹ እኩል ከሆኑ ጎኖቹ እኩል ናቸው ማለት ግን 6ኛው ነው፥ ለብቻውም ይረጋገጣል። ተማሪው አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፋል። ዝናም ሲዘንም ደጁ ይርሳል፤ ደጁ ስለ ራሰ ግን ዝናም ዘንሟል አይባልም፥ እንስራ ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና። ይህን በቃል ሲነግሩት የማይገባው የለም፤ በቀኙ ዓምድ ሲጽፈው ግን ከአሥሩ ስንቱ ይሳሳታል።

የኢትዮጵያ ተማሪ በዚህ ነገር አንድ የተለየ ችግርና አንድ የተለየ ሀብት አለው። ችግሩ ቋንቋ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና፥ የምክንያቱ ዓምድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲፈልግ፥ ልጁ በባዕድ ቋንቋ ማሰር ያቅተውና በሦስት የፊደል ምሕጻር ይተካዋል። ምሕጻሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የትኛው ጎን፥ የትኛው ማዕዘን፥ ለምንስ «በመካከላቸው ያለው» እንደ ተባለ ግን አይታወቅም። እንዲህ ያለው ተማሪ በመጀመሪያ ምክንያቱን በሚናገርበት ቋንቋ ሙሉ አድርጎ ቢናገር፥ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝኛ ቢያሳጥረው ይሻላል። በአማርኛ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይመጣል፤ «ጎኖቹ እኩል ስለ ሆኑ ማዕዘኖቹ እኩል ናቸው» ይባላል። የአሜሪካው ገጽ ቃሉን በግራ አስቀድሞ ምክንያቱን በቀኝ ያስከትላል። ስለዚህ በአማርኛ የሚያስብ ልጅ ቀኙን ቀድሞ፥ ግራውን በኋላ ቢጽፍ ወይም ዓምዶቹን ቢያቀያይር ሊነቀፍ አይገባውም። ማስረጃው ያለው ሁለቱ ተጣምረው በመቆማቸው እንጂ በግራና በቀኝ በመሆናቸው አይደለም።

ሀብቱ ደግሞ የሙግት ልማድ ነው። በበላ ልበልሃ ጊዜ ከሸንጎ ፊት የቆመ ሰው ቃሉን ሁሉ በምስክርና በነገር እንዲያስር ይገደድ ነበር፤ ባላጋራው ያላሰረውን ፈልጎ ይይዘዋልና። ይህ ልማድ በመማሪያ ቤት ሊሠራበት ይችላል። አንዱ ተማሪ ቃሉን ይናገር፤ ሁለተኛው በየመስመሩ «በምን?» እያለ ይጠይቀው፤ መልስ ካጣ ተራው ይለወጥ። ጥቍር ሰሌዳና ጠመኔ ካለ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም፤ ዓምዱም በወረቀት ላይ ከመሠመሩ በፊት በሁለት ልጆች አፍ ይሠመራል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተማሪው ሁለቱን ዓምዶች ትቶ ማስረጃውን በአንድ አንቀጽ እንዲጽፍ መፈቀድ አለበት፤ መምህሩም በየዓረፍተ ነገሩ ላይ ጣቱን አሳርፎ ምክንያቱን በቃል ይጠይቀው። ፈተና የሚያወጡትም የነጥቡን አሰጣጥ ሊመረምሩት ይገባል። ግራው ትክክል ሆኖ ቀኙ ባዶ የቀረ ወይም ያለ ቦታው የተጻፈ መስመር ግማሽ ነጥብ እንዲያገኝ ሲደረግ፥ ልጁ በግማሹ ተጽናንቶ ምክንያት መፈለጉን ይተዋል። ለእንዲህ ያለ መስመር ነጥብ ባይሰጥ፥ ይልቁንም «ይህን እርምጃ እንደማደርግ ዐውቃለሁ፥ ምክንያቱን ግን አላገኘሁትም» ብሎ በሐቅ ለጻፈ ልጅ ጥቂት ነጥብ ቢሰጠው ይሻላል።